ቤት ስናከራይ

(ከዚህ በታች ያለው በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተሰማ ንግግር ነው። በዕለቱ ያልተገኛችሁ አባላት እንድታነቡት፣ ማንበብ ለማይችሉም እንድታነቡላቸው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ለዛሬ የያዝነው ጉዳይ የቤት ኪራይ ነው። ይህን ስንል ከመካከላችን «የቤት ኪራይ የአዲስ አበባና የደብረ ማርቆስ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ግን እያንዳንዳችን ወደ ግቢያችን እንመልከት። ከዋናው ቤት ጀርባ አንድ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርቶ ያላከራየ ስንት ሰው አለ? ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው መምህር፣ የጤና ሠራተኛው፣ የግብርና ባለሙያው የሚያድረው በእኛው ግቢ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን አከራይ ያደረጉን ደብተርና ስንቅ ተሸክመው ከየገጠሩ ለትምህርት የሚመጡት ልጆች ናቸው።

ዲማ ተማሪ ማስጠጋት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። የዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ቤት ስንቱን ሊቅ አፍርቷል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ይህችው ዲማ ናት፤ በ1958 የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ስሟን እዚያ ያገኘዋል። በዚያ ዘመን ግን የተማሪ ኪራይ የሚባል ነገር አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ጎጆውን ራሱ ቀልሶ፣ ቁራሽ ለምኖ ነበር የሚማር። የዛሬው ተማሪ በር ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» አይልም፤ «የሚከራይ ክፍል አላችሁ ወይ?» ነው የሚለው። ቁራሽ ሰጪ የነበርነው ኪራይ ተቀባይ ሆነናል ማለት ነው። በዚህ አናፍርም፤ ቆርቆሮውም ሚስማሩም በገንዘብ ነው የሚገዛው። ነገር ግን ማከራየት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ብዙዎቻችን አልተረዳነውም። ቁልፍ ሰጥቶ በወር አንድ ቀን እጅ መዘርጋት ብቻ ይመስለናል።

ይህን እንድናነሣ ያደረገን አንድ ጉዳይ ነው። የባለጉዳዮቹን ስም አንጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

በ2015 አንዲት የገጠር ልጅ ከአንዲት እናታችን ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር። ውላቸው የቃል ነው። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲያልቅ አልጋዋን፣ ሣጥኗን፣ መጻሕፍቷንና አንድ ማዳበሪያ ጤፍ እክፍሉ ውስጥ ቆልፋ ወደ ወላጆቿ ሄደች። እንደምታስታውሱት በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ግጭቱ ሲበረታ በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መንገዱም ይዘጋ ይከፈት ጀመር። ልጅቷ በመስከረም አልመጣችም። በጥቅምትም አልመጣችም። ስልክ የለም። እናታችን ደግሞ ከዚያች ክፍል ሌላ የገንዘብ መግቢያ የላቸውም። እስከ ታኅሣሥ ጠበቁና በጥር መቆለፊያውን አስሰብረው፣ ዕቃውን እጓዳቸው አስገብተው፣ ክፍሉን ለሌላ አከራዩት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አባትየው መጡ። ጤፉን አይጥ በልቶታል፤ የአልጋው እግር ተሰብሯል፤ ከመጻሕፍቱ ሁለቱ የሉም። አባት «የልጄን ንብረት መልሱ» አሉ። እናታችን «የሰባት ወር ኪራዬን መጀመሪያ» አሉ። ስንት ነበር ኪራዩ? እሳቸው 400 ብር ነው ይላሉ፤ አባት 350 ነው ይላሉ። የሐምሌና የነሐሴስ ይከፈላል ወይ? አንዱ «ተማሪ በክረምት አይከፍልም፤ የታወቀ ነው» ይላል፤ ሌላው «ዕቃ ከተቀመጠ ቤቱ ተይዟል» ይላል። የጳጉሜን ሳይቀር ተነሥቶ አንዳንዱን ሽማግሌ ሳያስቀው አልቀረም። ሦስት እሑድ ተቀመጥን። በመጨረሻ አባት የሦስት ወር እንዲከፍሉ፣ የጤፉን ግማሽ እናታችን እንዲተኩ፣ የተሰበረውን አልጋ ማኅበሩ እንዲያስጠግን ሆኖ ተፈጸመ። ሁለቱም ተሳስመው ተለያዩ። ልጅቷ ግን ወደዚያ ግቢ አልተመለሰችም፤ ወደ ትምህርቷም መመለሷን አልሰማንም።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። መቆለፊያው ሲሰበር ከኮሚቴው ሁለት ሰው በአጠገቡ አልፏል። «ተዉ፣ ሰው ጥሩና በፊቱ ይቆጠር» ማለት ስንችል ዝም አልን። ዕቃው በሦስት ሰው ፊት ተቆጥሮ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም እሑድ ይቀርልን ነበር።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ታዲያ ይህን የምንለው ለርስትና ለኑዛዜ ብቻ ነው። ለኪራይ ሲሆን «ኧረ ምን ወረቀት ያስፈልጋል፣ ጎረቤት አይደለን?» እንላለን። ወረቀት የሚያስፈልገው ሰው ሌባ ስለሆነ አይደለም። ሁለት ቅን ሰዎች አንዱን ነገር በሁለት መንገድ ስለሚያስታውሱት ነው። ከላይ ያነሣናቸው እናትና አባት ሁለቱም አልዋሹም።

እንግዲህ ውሉ ላይ ምን ይጻፍ? የሁለቱ ወገን ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፤ የትኛው ክፍል እንደሆነ፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ መስታወቱ፣ አምፖሉ፣ የቁልፉ ብዛት፤ ኪራዩ ስንት እንደሆነና በወሩ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል፤ ቀብድ ተቀብለን ከሆነ መጠኑና ሲወጡ የሚመለስ መሆን አለመሆኑ፤ መብራትና ውኃ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፤ እክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር፤ ለመልቀቅም ለማስለቀቅም ስንት ቀን አስቀድሞ መነገር እንዳለበት። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመር፤ አንደኛው በክረምት ዕቃ ከተቀመጠ ምን ያህል እንደሚከፈል፣ ሁለተኛው ተከራዩ ድንገት ቢጠፋ ለማን እንደሚነገርና ዕቃው በማን ፊት እንደሚቆጠር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጽሑፍ የሚደረግ ውል ተዋዋዮቹ እንዲፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች እንዲያረጋግጡት ያዛል። ስለዚህ ሁለት ምስክር አትጡ። በየወሩ ለተቀበላችሁት ገንዘብም ደረሰኝ ስጡ፤ የታተመ ካርኒ ባይኖር በደብተር ቅጠል ላይ ቀኑና መጠኑ ተጽፎ መፈረም ይበቃል።

ተከራዩ ተማሪ ሲሆን አንድ የምንረሳው ነገር አለ። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በሕግ አካለ መጠን ያላደረሰ ነው፤ የእሱ ፊርማ ብቻውን ዋጋ የለውም። አባት ወይም እናት ወይም አሳዳጊ መጥተው ይፈርሙ። ገበያ በሚመጡበት ቀን ይጠሩና ይፈርሙ፤ ከባድ ነገር አይደለም። በዚያውም ቤቱን ያዩታል፤ እኛንም ይተዋወቁናል። ልጅ ታሞ ሌሊት ሲያቃስት ማንን መጥራት እንዳለብን የምናውቀው ያን ቀን ነው።

ስለ ኪራዩ መጠን ስንናገር ብዙዎቻችሁ እንደማይጥማችሁ እናውቃለን፤ ቢሆንም እንናገረዋለን። የዕድሜ ባለጸጎቻችን ያስታውሱታል፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አነስተኛው ኪራይ እንዲቀንስ ተደረገ፤ በወር እስከ 100 ብር የሚከራየውን ቤት ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለውን የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ያዘው። ለደሃው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ኪራዩ በዚያው ዝቅ ብሎ ለብዙ ዓመታት ሲቀመጥ ቤቱን የሚጠግን ገንዘብ ጠፋ። የቀበሌ ቤት ጣራው ሲያፈስ፣ ግድግዳው ሲያዘም ያላየ የለም። ከ1983 ወዲህ የግል ማከራየት እየሰፋ መጣ፤ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም በላዩ የሠራነው ቤት የራሳችን መሆኑን ደነገገ። አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ እየሄድን ነው። ጤፍ ስለተወደደ ብቻ በዓመት ሦስት ጊዜ ኪራይ የምንጨምር አለን። ጤፍ የተወደደው ለተማሪው አባትም ጭምር ነው እንዴ፣ ወይስ ለእኛ ብቻ?

በመጋቢት 2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። በዚያ ሕግ ውል በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይደረግም። አዋጁ የሚሠራበት ከተማ ውስጥ ሆንም አልሆንም፣ እኛ በማኅበራችን ሁለቱን ነገር በፈቃዳችን ብንይዝ መልካም ነው እንላለን። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አንጨምር፤ እሱንም ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እንናገር እንጂ በኅዳር ልጁ መሄጃ ሲያጣ ጠብቀን አይሁን። ቀብድም ከሁለት ወር አናሳልፍ።

ኪራይ አልከፍልም ላለውስ? ይህን የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። በር መቆለፍ፣ ዕቃ መያዝ፣ መብራት መቁረጥ መፍትሔ አይደለም፤ ከሳሽ የነበረውን ሰው ተከሳሽ ያደርገዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዘገየ ተከራይ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ይላል፤ ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ከዚያ ያነሰ ከሆነ 15 ቀን። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን፣ ግልባጩ ለኮሚቴው ይድረስ። ቀኑ ካለፈ ሽማግሌ፣ ሽማግሌ ካልቻለ ፍርድ ቤት ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የምናከራየውን ክፍል እስቲ አንድ ሌሊት እንደርበት። በእውነት ነው የምንለው። ከኮሚቴው አንዱ አባል ይህን አድርጎ ጧት ላይ «ይህን ቤት ለአህያዬም አላከራየው» ብሎ ተነሥቷል፤ ቤቱ የራሱ ነበር።

የእኛ ቤት የባሕር ዛፍና የጭቃ ቤት ነው። ጠላቱ ሁለት ነው፤ ውኃና ምስጥ። ግንቦት ሳይወጣ ጣራ ላይ ይወጣ፤ ነፋስ ያላላው ሚስማር ይመታ፤ የዛገ ቆርቆሮ ይለወጥ። በግድግዳው ዙሪያ ቦይ ይቆፈርና የጣራው ውኃ ከቤቱ ሥር ይራቅ፤ ብዙ ቤት ያዘመመው በጣራው ሳይሆን በሥሩ ነው። ምርጊቱ የተላጠ ከሆነ የሚመረገው ጭድ ካለበት በበጋ ነው፤ በክረምት የተመረገ ጭቃ አይደርቅም፣ ሻጋታ ያበቅላል፣ በዚያ ክፍል ያደረ ልጅም ሲያስል ይከርማል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከ12 ወር ኪራይ የአንዱን ወር ለቤቱ ለብቻ አስቀምጡ። በእቁብም ይሁን በባንክ፣ ይቀመጥ። ተከራይ በራሱ ገንዘብ በር ካስጠገነ ደግሞ አስቀድሞ አስፈቅዶ፣ ከኪራዩ ይታሰብለት፤ ይህም ይጻፍ።

ከዚህ ቀጥሎ የምንለውን ግን ከሁሉ አብልጣችሁ አድምጡን። ስለ ከሰል ነው።

ክረምት ሲሆን የአገራችን ብርድ ታውቁታላችሁ። ልጆቹ ማታ በከሰል ምድጃ ወጣቸውን ይሠራሉ፤ ከዚያ ምድጃውን እክፍሉ ውስጥ እንዳለ ትተው፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ደፍነው ይተኛሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ መልክም ሽታም የለውም። ጢሱ ስላለቀ ፍሙ የማይጎዳ ይመስላል፤ የሚገድለው ግን ያ ጢስ የሌለው ፍም ነው። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በየጊዜው በአገራችን በዚህ የሚጠፋ ሰው እንሰማለን፤ አንዳንዴም አብረው የተኙ ሁለትና ሦስት ሰዎች ናቸው። ይህ በእኛ ግቢ ቢደርስ የልጁን እናት በምን ዓይናችን እናያለን?

በዚህ ጉዳይ ኮሚቴው ምክር ሳይሆን ልመና ነው የሚያቀርበው። መስኮት የሌለው ክፍል አይከራይ። መስኮትም ቢኖር ከጣራው ሥር የማይደፈን ቀዳዳ ይተው። ከሰል የሚነድበት ቦታ በውጭ፣ በበረንዳ ወይም ለሁሉም ተከራይ በምትሆን አንዲት ማድቤት ይዘጋጅ፤ ልጆቹን «ከሰል አታስገቡ» ማለት ብቻ በዝናብ የት ያብስሉ? ማታ ማታ ስናልፍ በሩን አንኳኩተን «ምድጃው ወጥቷል?» ብለን እንጠይቅ። ልጅ ጧት ራሱን እያመመው፣ እያዞረው፣ እያቅለሸለሸው ከተነሣ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው እንጂ ሎሚ ማሽተትና ወተት ማጠጣት ብቻውን አያድነውም። የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው።

የሴት ልጆችን ነገርም ሳንናገር አናልፍም። ለሴት ልጅ የምናከራየው ክፍል በሩ ከውስጥ የሚቀረቀር ይሁን፤ መጸዳጃውም መቀርቀሪያና በሌሊት መብራት ይኑረው። ትርፍ ቁልፍ አለኝ ብሎ ተከራይ በሌለበት ክፍል መግባት ነውር ነው። ቤቱ የእኛ ቢሆንም ከተከራየ በኋላ ገመናው የተከራዩ ነው። ጣራው የሚታይ ከሆነ አስቀድሞ ተነግሮ በፊቱ ይገባል። የአከራይ ልጅ ወይም ዘመድ ልጃገረዷን ሲያስቸግር እያዩ «የልጅ ጨዋታ ነው» የሚሉ እናትና አባት እዚህ እንደማይኖሩ ተስፋ እናደርጋለን። ካሉም ኮሚቴው በዚህ አይሸመግልም፤ ወደ ሕግ ይመራዋል።

የመብራቱ ጭቅጭቅ አጭር ነው። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ሰው ሲጠቀም ፍጆታው ከፍ ይላል፤ በአሁኑ ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ አከራይ «ተከራዩ አስበላኝ» ይላል፣ ተከራዩ «አንዲት አምፖል ነው ያለችኝ» ይላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ሰውና አንዲት አምፖል ያለው ልጅ እኩል ይካፈሉ ማለት ፍርድ አይደለም። ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ማስተከል የሚችል ያስተክል፤ በሠለጠነ ሠራተኛ ብቻ። የማይችል በዕቃው ዓይነት ይስማማና ይጻፍ።

የኪራይ ገቢ ግብር አለበት። በሕጉ ሠንጠረዥ «ለ» የሚባለው ነው። ደብተር የያዘ ሰው የጠገነበትን ያስረዳል፤ ያልያዘ ገቢዎች በገመተበት ይሄዳል። የጥገና ደረሰኛችሁን አትጣሉ።

የውል ቅጹን ኮሚቴው አዘጋጅቷል። አንድ ገጽ ነው፤ የክፍሉ ዕቃ ዝርዝር ከጀርባው ይሞላል። በሦስት ቅጂ ተሞልቶ አንዱ ለአከራይ፣ አንዱ ለተከራይ፣ አንዱ እማኅበሩ መዝገብ ይቀመጣል። ለመጻፍ የሚቸገር ካለ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸሐፊያችን በነጻ ይሞላለታል፤ ምስክርም እዚያው ይገኛል። አሁን በቃል ያከራያችሁም ከትምህርት መክፈቻ በፊት መጥታችሁ አስሞሉ። ቀዳዳና መስኮት የሌላቸውን ክፍሎች ለማየት ሦስት ሰዎች ተመርጠዋል፤ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ በየግቢው ይዞራሉ። ውሻችሁን እሰሩላቸው።